አፕዴቱን ልጫነው ወይስ ልተወው?

የጦማሪያን ጥያቄና መልስ

ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዎርድፕሬስ ከተባለው የጦማር መሥሪያ ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ብሎገር ስለተባለው የጉግል የጦማር መሥሪያ አንድ ጥያቄም መጨረሻ ላይ አለ።

«ዳሽቦርዴ ላይ 14 የሚል ቀይ ቁጥር ተለጥፏል። አንድ ዓመት ተኩል ያህል አልነካሁትም። ከዚያ በፊት አፕዴት ሳደርግ ጦማሩ ተዘበራርቆብኝ ስለነበር እፈራለሁ። ሁሉንም ምልክት አድርጌ በአንድ ጊዜ ብጫነውስ?» (ቀይ ቁጥር ያስጨነቀኝ)

ፍርሃትዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ሳይነኩት መቆየቱ ግን ከመንካቱ የከፋ ነው። አንድ ፕለጊን፣ ማለትም ዎርድፕሬስ ላይ የሚጨመር ተጨማሪ ፕሮግራም፣ የደህንነት ቀዳዳ ተገኝቶበት አዲስ ቅጂ ሲወጣለት፣ ቀዳዳው የት እንደነበር አብሮ ይታወቃል። አሮጌውን ይዞ የቀረ ጦማር የሚጠቃው ጠላት ስላለው አይደለም፤ ከድረ ገጽ ድረ ገጽ እየዞሩ ያንን አሮጌ ቅጂ የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ስላሉ ነው። ጦማሩ ትንሽ መሆኑ አያድነውም።

ከመጫንዎ በፊት አፕዴት ምን እንደሚነካና ምን እንደማይነካ ይለዩ። ዎርድፕሬስ ያለው በሁለት ቦታ ነው። ጽሑፎችዎ፣ አስተያየቶች፣ የተጠቃሚ ስሞችና ሴቲንግስ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣሉ። ፕሮግራሙ ራሱ፣ ፕለጊኖቹ፣ የጦማሩ ገጽታ፣ ማለትም ቴም የሚባለው፣ እንዲሁም ምስሎቹ ሰርቨሩ ላይ በፋይልነት ይቀመጣሉ። አንድ ፕለጊን አፕዴት ሲደረግ የድሮው ፎልደር እንዳለ ይጠፋና በቦታው አዲሱ ይገባል። ጽሑፍዎ ያለው ሌላ ቤት ነው። «ጦማሬ ጠፋ» ከሚሉት ብዙዎቹ ያጡት ማሳያውን ነው እንጂ ጽሑፉን አይደለም። ይህ ግን ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ዎርድፕሬስ ራሱና አንዳንድ ትልልቅ ፕለጊኖች አፕዴት ሲደረጉ የዳታቤዙን ሰንጠረዦች ስለሚቀይሩ፣ ያኔ ፋይሉን ብቻ ወደ ድሮው መመለስ አይበቃም።

ባክአፕ ሲያወጡ አራት ነገር ይያዙ፦ ዳታቤዙን፣ ደብሊውፒ-ኮንተንት የሚባለውን ፎልደር በሙሉ፣ ደብሊውፒ-ኮንፊግ የሚባለውን ፋይል እና ስሙ በነጥብ የሚጀምረውን ኤችቲአክሰስ ፋይል። የመጨረሻው በነጥብ ስለሚጀምር የፋይል ማኔጀሩ ይደብቀዋል፤ «የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ» የሚለውን ካልነኩ ሳይያዝ ይቀራል። ባክአፑን ከሰርቨሩ አውርደው ኮምፒውተርዎ ላይ ያስቀምጡት። እዚያው ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ባክአፕ ሰርቨሩ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ካወረዱ በኋላ የዳታቤዙን ፋይል በጽሑፍ ማረሚያ ይክፈቱትና ከጽሑፎችዎ የአንዱን ርዕስ ይፈልጉ። አማርኛው በትክክል ከተነበበ ባክአፕ አለዎት፤ ካልተነበበ የለዎትም።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ። ፕለጊኖችን ያስቀድሙ፣ ገጽታውን ያስከትሉ፣ ዎርድፕሬስን ራሱን ከዚያ፣ ዎርድፕሬስ የተጻፈበትን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፒኤችፒን፣ መጨረሻ። ፕለጊኖች የሚቀድሙት አዲሶቹ ቅጂዎች ከድሮውም ከአዲሱም ዎርድፕሬስ ጋር እንዲሠሩ ተደርገው ስለሚሠሩ ነው፤ የድሮ ፕለጊን ግን አዲሱን ዎርድፕሬስ አያውቀውም። አዲሱ ቅጂ እርስዎ ያለዎትን ዎርድፕሬስ ወይም ፒኤችፒ የማይቀበል ከሆነ፣ ዳሽቦርዱ ያንኑ ነግሮ አልጭንም ይላል። እንዲህ ያለውን ለጊዜው ይለፉትና ዎርድፕሬሱ ካደገ በኋላ ይመለሱበት።

14ቱን በአንድ ጊዜ አይጫኑ። አንድ በአንድ ይሂዱ። ከእያንዳንዱ በኋላ በብራውዘሩ የግል መስኮት፣ ማለትም ሎግ-ኢን ሳያደርጉ፣ የፊት ገጹንና አንድ ጽሑፍ ከፍተው ይመልከቱ። የግል መስኮት የሚያስፈልገው ሎግ-ኢን ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ ካሽ ያልተደረገውን፣ ማለትም ቀድሞ ተዘጋጅቶ ያልተቀመጠውን፣ ገጽ ስለሚያይ ነው። ለእርስዎ ደህና የሚመስለው ለአንባቢው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ሥራው አንድ ሰዓት ይፈጅብዎት ይሆናል፤ ሁሉንም በአንዴ ጭኖ ከ14ቱ ጥፋተኛውን መፈለግ ግን ቀኑን ይፈጃል።

የዎርድፕሬስ ቁጥር አወጣጥ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከ6.4 ወደ 6.5 መሄድ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ከ6.5 ወደ 6.5.2 መሄድ ግን ጥገና ብቻ ነው። ከ5.9 ወደ 6.0 የተደረገው ዝላይም ቁጥሩ ስለሚያምር እንጂ ከ6.0 ወደ 6.1 ከተደረገው በደረጃ አይለይም። ጥገናዎቹ ከ3.7 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2013 ወዲህ፣ ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ይጫናሉ። አንድ ዓመት ተኩል ቢያልፍዎትም በመሀል ያሉትን ቅጂዎች አንድ በአንድ መጫን የለብዎትም፤ በቀጥታ ወደ መጨረሻው መዝለል ይቻላል።

ፒኤችፒው ስንት እንደሆነ ለማወቅ ቱልስ ውስጥ ገብተው «ሳይት ሄልዝ» ከሚለው ሥር «ኢንፎ»፣ ከዚያም «ሰርቨር» የሚለውን ይክፈቱ። 7.4 ከሆነ ድጋፉ በኖቬምበር 2022 አብቅቷል፤ 8.0 ከሆነ በኖቬምበር 2023። ፒኤችፒን ከሆስቲንግ ፓነሉ፣ ማለትም ሰርቨሩን ካከራየዎት ድርጅት መቆጣጠሪያ ገጽ፣ ነው የሚቀይሩት፤ ካልተስማማዎት እዚያው መልሰው መምረጥ ስለሚችሉ ከሁሉም ይልቅ በቀላሉ የሚቀለበሰው እሱ ነው። ከ7 ወደ 8 ሲያልፉ የሚሰበሩት ዓመታት ያልተነኩ ፕለጊኖችና ገጽታዎች ናቸው፤ ድሮ የሚጠቀሙባቸው አንዳንድ የፒኤችፒ ትእዛዞች በ8.0 ጨርሰው ተወግደዋል።

ይህን ሁሉ አንዴ ካስተካከሉ በኋላ ለትንንሾቹ ፕለጊኖች አውቶማቲክ አፕዴትን ያብሩ። ፕለጊኖች በተዘረዘሩበት ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ጎን ማብሪያው አለ። ከ6.6 (2024) ጀምሮ አውቶማቲክ አፕዴት ጦማሩን የሚጥል ከባድ ስህተት ካመጣ ዎርድፕሬስ የድሮውን ቅጂ በራሱ ይመልሳል። ልብ ይበሉ፣ የሚያየው ከባድ ስህተትን ብቻ ነው። ሜኑው ቢጠፋ ወይም ምስሎቹ ቢደራረቡ ለእሱ ሁሉም ሰላም ነው። የጦማርዎን መልክ የያዘውን ፕለጊን በእጅዎ መጫን የሚሻለው ለዚህ ነው።

«አንድ ፕለጊን አፕዴት አደረግሁ። አሁን ጦማሩም ዳሽቦርዱም አልከፈት አሉኝ፤ የሚታየው ከባድ ስህተት ተፈጥሯል የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።» (በር የተዘጋበት)

መጀመሪያ የአስተዳዳሪው አድራሻ የሆነውን ኢሜይል ይክፈቱ፤ የማይፈለጉ መልእክቶች የሚገቡበትንም ሳጥን ጭምር። ከ5.2 (2019) ጀምሮ ዎርድፕሬስ እንዲህ ሲወድቅ ጥፋተኛውን ፕለጊን በስም ጠቅሶ መግቢያ ሊንክ ይልካል። ሊንኩ የሚያገለግለው ለ1 ቀን ነው። በእሱ ሲገቡ ያ ፕለጊን ለእርስዎ ብቻ ቆሞ ስለሚጠብቅ ዳሽቦርዱ ይከፈታል፤ ከዚያ ለሁሉም ያጥፉት።

ኢሜይሉ ካልመጣ፣ ሰርቨሩ ኢሜይል በደንብ የማይልክ ከሆነ አይመጣም፣ በሆስቲንግ ፓነሉ የፋይል ማኔጀር ይግቡ። ደብሊውፒ-ኮንተንትን ሲከፍቱ ፕለጊንስ የሚባል ፎልደር ያገኛሉ፤ በውስጡ ለእያንዳንዱ ፕለጊን አንድ አንድ ፎልደር አለ። የሚጠረጥሩትን ያውቁታል፤ አሁን አፕዴት ያደረጉት ነው። ከፎልደሩ ስም ጫፍ ላይ አንድ ፊደል ይጨምሩ። ዎርድፕሬስ በድሮው ስም ሲፈልገው ስለሚያጣው ሳይጭነው ያልፋል፣ ጦማሩም ይከፈታል።

የትኛው እንደሆነ ካላወቁ የፕለጊንስን ፎልደር ራሱን ስሙን ይቀይሩት። ከዚያ ዳሽቦርዱ ውስጥ ገብተው ፕለጊኖች የሚዘረዘሩበትን ገጽ ይክፈቱ። ይህችን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘላታል። ያ ገጽ ሲከፈት ነው ዎርድፕሬስ ፋይሎቹ እንደሌሉ አይቶ ሁሉንም «አልበሩም» ብሎ የሚመዘግበው። ሳይከፍቱት ፎልደሩን ወደ ድሮ ስሙ ከመለሱት ሁሉም እንደበሩ ይመለሳሉ፣ ስህተቱም አብሮ ይመለሳል። ከፍተው ከሆነ ግን ስሙን ሲመልሱ ሁሉንም ሳይበሩ ያገኟቸዋል። አንድ በአንድ ሲያበሩ ጦማሩን የሚጥለው ራሱን ያጋልጣል።

ጥፋተኛው ገጽታው ከሆነም መፍትሔው ያው ነው፤ ቲምስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ የሱን ስም ይቀይራሉ። ያኔ ዎርድፕሬስ የሚሸሽበት ሌላ ገጽታ ስለሚፈልግ፣ አብረውት ከሚመጡትና ስማቸው «ትዌንቲ» ብሎ ከሚጀምረው መካከል አዲሱን ሁልጊዜ ሳይሰርዙ ያቆዩ። ባይጠቀሙበትም።

ፕለጊኑ የግድ የሚያስፈልግዎት ከሆነ በዎርድፕሬስ የፕለጊኖች ማውጫ ላይ ገጹን ከፍተው «አድቫንስድ ቪው» የሚለውን ይጫኑ፤ ወደ ታች ሲወርዱ የድሮ ቅጂዎቹን መርጠው ማውረድ ይቻላል። አዘጋጁ እስኪያስተካክለው በዚያ ይሰንብቱ። ነገር ግን አዲሱ ቅጂ የወጣው የደህንነት ቀዳዳ ለመድፈን ከሆነ አሮጌውን መልሶ ማብራት ችግሩን በሌላ መልኩ መጋበዝ ነው።

ሌላም የሚያሳስት አለ። የሚታየው መልእክት ስህተት ሳይሆን «ለጥገና ለአጭር ጊዜ ተዘግቷል» የሚል ከሆነ የተበላሸ ነገር ላይኖር ይችላል። አፕዴት ሲጀመር ዎርድፕሬስ ሜንቴናንስ የሚል፣ በነጥብ የሚጀምር ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል፤ ሲጨርስ ያነሳዋል። መሀል ላይ ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ወይም ገጹን ከዘጉት ፋይሉ ሳይነሳ ይቀራል። 10 ደቂቃ ሲሞላው ዎርድፕሬስ ራሱ ይተወዋል፤ ካልታገሱ ይሰርዙት። ከዚያ ግን አፕዴቱን እንደገና ይጫኑት፤ ግማሹ ተገልብጦ ግማሹ ቀርቶ ይሆናል።

«የገጽታውን ፋይል ከፍቼ የፊደሉን መጠንና ቀለም ቀይሬ ነበር። አፕዴት ሳደርገው ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ።»

ከላይ እንዳልነው አፕዴት ፎልደሩን እንዳለ ይተካል፤ በዚያ ፎልደር ውስጥ የጻፉት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ለውጡ የመልክ ብቻ ከሆነ «አዲሽናል ሲኤስኤስ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ይጻፉት (ሲኤስኤስ የገጹ መልክ የሚጻፍበት ኮድ ነው)፤ እሱ የሚቀመጠው ዳታቤዝ ውስጥ ስለሆነ አፕዴት አይነካውም። ለውጡ ከዚያ ካለፈ «ቻይልድ ቴም» የሚባለውን ልጅ ገጽታ ይሥሩ፦ አዲስ ፎልደር፣ በውስጡ ስታይል የሚባለው የሲኤስኤስ ፋይል፣ በፋይሉ አናት ላይ «ቴምፕሌት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የወላጁ ፎልደር ስም። የፎልደሩ ስም ነው እንጂ ገጽታው የሚጠራበት ስም አይደለም፤ ትንሹና ትልቁ የላቲን ፊደል ሳይቀር አንድ መሆን አለበት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

«ርዕሴን በአማርኛ ስጽፍ ሊንኩም አማርኛ ይሆናል፤ ደስ ይላል። ወደ መልእክት መላኪያ ስለጥፈው ግን በፐርሰንት ምልክትና በቁጥር የተሞላ ረጅም ገመድ ይሆናል። አንዳንዴም መጨረሻው ይቆረጣል። የላቲን ፊደል ልጠቀም?»

ሊንክ ሲጓጓዝ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ጥቂት ምልክቶች ብቻ ነው የሚሸከመው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ነው። ሊንክ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት አንድ የፐርሰንት ምልክትና ሁለት አሃዝ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ፊደል 9 ቦታ ይበላል። «የዝናብ ውሃን ለመጠጥ ማጣራት» የሚለውን ርዕስ እንውሰድ። 15 ፊደል ነው፤ 15 በ9 ሲባዛ 135፣ በቃላቱ መሀል የሚገቡት 3 ሰረዞች ሲጨመሩ 138። ብራውዘሩ አድራሻው ላይ አማርኛውን ያሳይዎታል እንጂ ሲገለብጡት የሚወጣው 138 ምልክቱ ነው።

የሚቆረጠውም ለዚሁ ነው። ዎርድፕሬስ ለዚህ የሊንክ ክፍል የሰጠው ቦታ 200 ምልክት ነው። 200 ለ9 ሲካፈል 22 ፊደል አካባቢ ነው፤ ሰረዞቹ ሲታሰቡ ከዚያም ያንሳል። አማርኛ ርዕስ ደግሞ በቀላሉ 30 ያልፋል። በተመሳሳይ ቃላት የሚጀምሩ ሁለት ርዕሶች ካሉዎት ከተቆረጡ በኋላ አንድ ዓይነት ስለሚሆኑ ሁለተኛው ጫፉ ላይ «2» ተለጥፎበት ይወጣል። በርዕሱ ውስጥ ያለ ነጠላ ሰረዝ ወይም አራት ነጥብም ሊንኩ ውስጥ ገብቶ የራሱን 9 ቦታ ይይዛል። የላቲኑ የጥያቄ ምልክት ግን ይወገዳል።

የእኛ ምርጫ በላቲን ፊደል የተጻፈ አጭር ሊንክ ነው፦ ከሦስት እስከ አምስት ቃል፣ በሰረዝ የተለያየ። መፈለጊያዎች የአማርኛውን ሊንክ ማንበብ አያቅታቸውም፤ ችግሩ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ መሰበሩ ነው። የአጻጻፍ ሥርዓትዎን ግን አንዴ ይወስኑ። ዛሬ «ጠ»ን በአንድ ፊደል፣ ነገ በሌላ ከጻፉት ራስዎም ሊንክዎን አያስታውሱትም። መቀየሪያው ጽሑፉን ሲጽፉ በጎን ካለው አምድ ላይ «ስለግ» ወይም «ሊንክ» ከሚለው ሥር ነው፤ ከማውጣትዎ በፊት ይቀይሩት።

የወጡትስ? የአንድን ልጥፍ ሊንክ ከቀየሩ ዎርድፕሬስ የድሮውን ያስታውስና አንባቢውን ወደ አዲሱ ይመራዋል። ይህ ለልጥፍ ብቻ ነው፤ «ስለ እኛ» ለመሳሰሉት ቋሚ ገጾች አይሠራም። በሴቲንግስ የሁሉንም ሊንኮች አወቃቀር ከቀየሩ ግን፣ ለምሳሌ ቀን የያዘውን ወደ ርዕስ ብቻ፣ ከድሮው ወደ አዲሱ 301 የሚባለውን ቋሚ ማዛወሪያ ራስዎ ማስቀመጥ አለብዎት። ዓመታት የቆየ ጦማር ላይ እንዲህ ያለውን ለውጥ ለውበት ብቻ ብሎ መጀመር አያዋጣም።

«ጦማሬን ወደ ሌላ ሆስቲንግ አዛወርኩት። አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ። ጓደኛዬም አዛውሮ የእሱ ደግሞ እንግዳ የላቲን ፊደላት ሆኖበታል። ይመለሳል?»

የእርስዎና የጓደኛዎ ችግር አንድ አይደለም። በሽታው ከምልክቱ ይለያል።

ባዶ ሳጥን ከታየ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ የግዕዝ ፎንት ከጦማሩ ጋር ማያያዝ ይበቃል።

እንግዳ የላቲን ፊደላት ከታዩ ባይቶቹ አሉ፤ የሚነበቡት ግን በተሳሳተ ሥርዓት ነው። ቀረብ ብለው ይዩት፤ ከላዩ ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» በየሁለት ወይም በየሦስት ምልክቱ እየተመለሰ ይመጣል። የተለመዱት የግዕዝ ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ስለሆነ ነው። ይህ ይመለሳል።

የጥያቄ ምልክት ከታየ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ዳታቤዙን በብራውዘር የሚከፍተው ፒኤችፒማይአድሚን ውስጥ ገብተው ልጥፎቹ ያሉበትን ሰንጠረዥ ይክፈቱ። እዚያ አማርኛው በደንብ ከተነበበ ችግሩ ጦማሩ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነው፤ ደብሊውፒ-ኮንፊግ ውስጥ «ዲቢ ቻርሴት» የሚለው ዋጋ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (ዳታቤዙ ሙሉውን ዩቲኤፍ-8 የሚጠራበት ስም) መሆኑን ያረጋግጡ። እዚያም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ፊደሉ ሲጻፍ ጠፍቷል። የጥያቄ ምልክቱን ወደ አማርኛ የሚመልስ መሣሪያ የለም፤ ከድሮው ሰርቨር እንደገና ማውጣት ነው። የድሮውን ሆስቲንግ አዲሱን አንብበው ሳያረጋግጡ አይዝጉ የምንለው ለዚህ ነው።

እንደገና ሲያወጡ ከሁሉ አስቀድሞ የድሮውን ደብሊውፒ-ኮንፊግ ይዩ። «ዲቢ ቻርሴት» ዩቲኤፍ8 ወይም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ከሆነ ኤክስፖርቱንም ኢምፖርቱንም በዩቲኤፍ-8 ያድርጉ፣ አዲሱን ዳታቤዝ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብለው ይፍጠሩት፣ አለቀ። ባዶ ወይም ለላቲን ፊደላት የተሠራው የድሮ ሥርዓት ላቲን1 ከሆነ ግን፣ በጣም በቆዩ ጦማሮች ላይ ያጋጥማል፣ አማርኛው ላቲን1 የሚል ስም በተለጠፈበት ሳጥን ውስጥ ነው የተቀመጠው። ሰንጠረዡን በቀጥታ «ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀይር» ካሉት ዳታቤዙ ስሙን አምኖ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው ይተረጉመዋል፣ የጓደኛዎ ዓይነት መዘበራረቅም በዚያው ይጸናል። መንገዱ በሁለት እርምጃ ነው፦ የጽሑፉን ዓምድ መጀመሪያ ቋንቋ ወደማያውቀው ብሎብ ወደሚባለው ዓይነት ይቀይሩት፣ ከዚያ ከብሎብ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ጽሑፍ። በመጀመሪያው እርምጃ የተሳሳተው ስም ይነሳል፤ ባይቶቹ አይነኩም። በሁለተኛው ትክክለኛው ስም ይለጠፋል። ይህን የሚሞክሩት በቅጂው ላይ ነው፣ በዋናው ላይ በፍጹም።

ሌላው የዝውውር ወጥመድ የጦማሩን አድራሻ በዳታቤዝ ፋይሉ ውስጥ በ«ፈልግና ተካ» መቀየር ነው። ዎርድፕሬስ አንዳንድ ሴቲንጎችን ሲያስቀምጥ የጽሑፉን ርዝመት አብሮ በቁጥር ይጽፋል። አዲሱ አድራሻ በአንድ ፊደል ቢረዝም ቁጥሩ ስለማይገጥም ያ ሴቲንግ አይነበብም፤ የጎን ሳጥኖችዎ ባዶ ሆነው ያገኟቸዋል። ርዝመቱን እያስተካከለ የሚተካ መሣሪያ ይጠቀሙ፤ ዎርድፕሬስን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚያስተዳድረው ደብሊውፒ-ሲኤልአይ ይህን የሚሠራ ትእዛዝ አለው።

«በጦማሬ መፈለጊያ ሳጥን ሐኪም ብዬ ስፈልግ ሀኪም ብዬ የጻፍኩት አይመጣም። የፊት ገጼ ላይ ደግሞ አንዳንድ ጽሑፍ አጥሮ በመውጣት ፈንታ ሙሉው ይዘረገፋል።»

የዎርድፕሬስ መፈለጊያ ፊደሉን እንዳለ ነው የሚያመሳስለው። ለእሱ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ «ሰ»ና «ሠ»፣ «አ»ና «ዐ»፣ «ጸ»ና «ፀ»ም እንዲሁ። «ፀሐይ» የምትለውን ቃል ብቻ ቢያንስ 6 ዓይነት አድርጎ መጻፍ ይቻላል። ቀላሉ መድኃኒት አንድ የአጻጻፍ ደንብ አውጥቶ በሱ መጽናት ነው፤ ቢያንስ የራስዎ ጽሑፎች እርስ በርስ ይገናኛሉ። ሙሉው መፍትሔ ፕሮግራም አዋቂ ይፈልጋል፦ ጽሑፉ ሲቀመጥ ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተጠቀለሉበት ድብቅ ቅጂ ይያዛል፣ አንባቢው የጻፈውም ቃል በዚያው ደንብ ተቀይሮ ከቅጂው ጋር ይነጻጸራል። ታግ ላይ የተለያየውን አጻጻፍ መደርደር ግን አይጠቅምም፤ የዎርድፕሬስ መፈለጊያ በነባሪው የሚያየው ርዕስን፣ ማጠቃለያንና ጽሑፉን ብቻ ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ ያ የሚዘረገፈው ጽሑፍ በሁለት ነጥብ ቃል የተለየበት እንደሆነ ይመልከቱ። ዎርድፕሬስ ማጠቃለያውን በራሱ ሲቆርጥ 55 ቃል ይቆጥራል። ቃል የሚለው ደግሞ በባዶ ቦታ የተለየውን ነው። በመሀሉ ባዶ ቦታ ሳይኖር በ«፡» ብቻ የተያያዘ አንቀጽ ለእሱ አንድ ቃል ነው፤ 55 አንቀጽ እስኪሞላ ምንም አይቆርጥም። ሁለት ነጥቡን ከወደዱት ይጠቀሙበት፤ ማጠቃለያውን ግን «ኤክሰርፕት» በሚለው ሳጥን ውስጥ በእጅዎ ይጻፉ። በማሽን ከተቆረጠ 55 ቃል ይልቅ በእጅ የተጻፉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንባቢን እንደሚስቡም ያስታውሱ።

«ለነገ ጠዋት እንዲወጣ ያስቀመጥኩት ልጥፍ ሰዓቱ አልፎም ሳይወጣ አገኘሁት።»

ዎርድፕሬስ የራሱ ሰዓት የለውም። ቀጠሮውን የሚያየው አንድ ሰው ጦማሩን ሲከፍት ነው። በዚያ ሰዓት ማንም ካልመጣ ልጥፉ ይጠብቃል። ካሽ ሲኖር ደግሞ ይብሳል፤ ሰው ቢመጣም የተዘጋጀው ገጽ ስለሚሰጠው ዎርድፕሬስ ራሱ አይቀሰቀስም። መፍትሔው በሆስቲንግ ፓነሉ ውስጥ «ክሮን ጆብ» ከሚለው ገብቶ፣ ደብሊውፒ-ክሮን የሚባለውን ፋይል በየ5 ወይም በየ10 ደቂቃው እንዲጠራ ማዘዝ ነው። ከዚያ ደብሊውፒ-ኮንፊግ ውስጥ «ዲሴብል ደብሊውፒ ክሮን» የሚለውን «ትሩ» (true) ያድርጉት። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ፤ ክሮን ጆቡ ሳይኖር ይህን ካበሩ ቀጠሮ የተያዘለት ሁሉ ይቆማል፣ አውቶማቲክ አፕዴቱም ጭምር።

«ጦማሬ በስልክ ሲከፈት በጣም ይዘገያል። ፕለጊን በዝቶብኝ ይሆን? 23 አሉኝ።»

ፕለጊን በቁጥር አይፈረድም። አንድ ከባድ ፕለጊን ከ20 ቀላሎች ሊበልጥ ይችላል። የማይጠቀሙባቸውን ግን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ይሰርዟቸው፤ የጠፋ ፕለጊን ፋይሎቹ ሰርቨሩ ላይ ስላሉ ቀዳዳው ክፍት ነው።

በስልክ ለሚዘገይ ጦማር መጀመሪያ የምንጠረጥረው ምስልን ነው። የስልክ ካሜራ በተለምዶ 4000 በ3000 ፒክስል ያነሳል፣ ፋይሉም ብዙ ሜጋባይት ነው። የጽሑፍዎ አምድ ስፋት ግን ከ700 እስከ 800 ፒክስል ቢሆን ነው። ጥራት ላላቸው ስክሪኖች እጥፉን ብንይዝ እንኳ 1600 ይበቃል። ከመጫንዎ በፊት ምስሉን ወደ 1600 ስፋት አሳንሰው በዌብፒ ወይም ጥራቱ 80 ገደማ በሆነ ጄፔግ ያስቀምጡት፤ ብዙ ጊዜ ከ300 ኪሎባይት በታች ይወርዳል። ዌብፒን ዎርድፕሬስ የሚቀበለው ከ5.8 (2021) ጀምሮ፣ አቪፍ የሚባለውን የምስል ዓይነት ደግሞ ከ6.5 (2024) ጀምሮ ነው።

«ዎርድፕሬስ ራሱ ያሳንሰው የለም ወይ?» ለሚሉ፣ አዎ ያሳንሳል። ስፋቱ ወይም ቁመቱ ከ2560 ፒክስል በላይ የሆነውን ወደ 2560 ያወርደዋል፤ በተጨማሪም በ150፣ 300፣ 768፣ 1024፣ 1536 እና 2048 መጠን ቅጂ ይሠራለታል። ዋናውንም አይጥለውም። ስለዚህ አንዲት የስልክ ፎቶ ሰርቨሩ ላይ 8 ፋይል ትሆናለች። ገጽታዎ የራሱን መጠኖች ከጨመረ ከዚያም ይበልጣል። የሆስቲንግ ቦታ ያለቀባቸው ሰዎች «ምን ሰቅዬ ነው?» የሚሉት ይህን ሳያውቁ ነው።

ሌላው ስህተት የምስል ማዘግያ ፕለጊን ጨምሮ ሁሉንም ምስል ማዘግየት ነው። ከ5.5 (2020) ወዲህ ዎርድፕሬስ ራሱ ከታች ያሉትን ምስሎች አንባቢው እስኪደርስባቸው ያዘገያል። በገጹ አናት ላይ ያለው ትልቁ ምስል ግን መዘግየት የለበትም፤ ጉግል የገጽን ፍጥነት ሲለካ ትልቁ ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይፈልጋል፣ ያ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው ምስል ነው። ተጨማሪ ፕለጊን ካለዎት የመጀመሪያውን ምስል እንዲተወው ሴቲንጉን ያስተካክሉ።

«እኔ የምጠቀመው ብሎገርን ነው። አፕዴት የሚባል ነገር አላየሁም። እኔስ ምን ላድርግ?»

ፕሮግራሙን የሚያዘምነው ጉግል ስለሆነ የሚጭኑት ነገር የለም። ባክአፕ ግን የእርስዎ ሥራ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ያውርዱ፦ ገጽታውን «ቴም» ከሚለው ሥር፣ ልጥፎቹንና አስተያየቶቹን ደግሞ በሴቲንግስ ውስጥ «ባክአፕ ኮንተንት» ከሚለው። የገጽታውን ኮድ ከመንካትዎ በፊት በየጊዜው ያውርዱት፤ ከተበላሸ መልሰው የሚጭኑት ያንን ፋይል ነው። የልጥፎቹ ፋይል ውስጥ ምስሎች የሉም፤ ወደ ምስሎቹ የሚወስዱ ሊንኮች ብቻ ናቸው ያሉት። የምስሎቹን ዋና ቅጂ በራስዎ ፎልደር ውስጥ በልጥፉ ቀን ለይተው ያስቀምጡ።